የእማዬ ጥርጣሬና የስልካችን ቪፒኤን

እማዬ ዓይኗን ልትታከም ከአንኮበር መጥታ እኛ ዘንድ፣ ደብረ ብርሃን ከተቀመጠች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። አንኮበር ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። እሷ ግን “አገሬ” ስትል ባሕር ማዶ ያለ ይመስላችኋል። የደብረ ብርሃንን ብርድ አልወደደችውም፤ አንኮበር ቆላ ይመስል! ጠላዬንም ቀምሳ መልሳ አስቀመጠችው። በጉጉት የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ የምትደውለውን እህቴን።

በሦስተኛው እሑድ ስልኩን ስትመልስልኝ ፊቷ ጠቁሯል።

“ማን ነው የሞተው?” አለችኝ።

“ኧረ እማዬ! ማንም አልሞተም።”

“አትዋሺኝ። ጤናሽ እንዴት ነው ስላት ዝም ትላለች። ሥራሽስ ስላት ዝም ትላለች። ቆይታ፣ አስባ ነው ‘ደህና ነኝ’ የምትለኝ። ደህና የሆነ ሰው ያስባል እንዴ?”

የምትስቁ ካላችሁ ቆዩ። እማዬ የወንድሟን ሞት የሰማችው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት የደወለችላቸው ዘመዶች ሁሉ “ደህና ነው” እያሉ፣ ግን ትንሽ ቆም እያሉ ነበር የመለሱላት። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯን አንኳኩ። መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣ። ስለዚህ እሷ ዝምታን ማዳመጥ የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። በማግሥቱ ሰኞ ለቁርስ ላነሳት ስሄድ ጋቢዋን ተከናንባ በመስኮቱ የግቢውን በር እያየች አገኘኋት። መቼ እንደተነሳች አላውቅም። ቁርሱንም አልበላችም።

እኔ ድምፁ እንደሚዘገይ አውቅ ነበር። የእህቴ ምስል አፉን እንደከፈተ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተደርቦ ይመጣል። እንደ ማንኛውም ሰው ጥፋቱን የጣልኩት በመስመሩ ላይ ነው። ለኢንተርኔት አቅራቢው ደውዬ የማይገባ ነገር ሁሉ ተናገርኩ። ያነሳው ልጅ በትሕትና “እናቴ፣ መስመርዎ ላይ ችግር አይታየኝም” አለኝ። እኔም አላመንኩትም። (ይቅርታ ልጠይቀው ብፈልግም ስሙን አልያዝኩም።)

መልሱ የመጣው ከገዛ ልጄ ነው። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከጎኔ ተቀምጦ የቤት ሥራ ሲሠራ ስልኬን አየና “እማ፣ ቪፒኤኑን አጥፍተሽ ሞክረሻል?” አለኝ።

“የምን ቪፒኤን?”

ከስልኬ አናት፣ ባትሪው አጠገብ ያለችውን ትንሽ የቁልፍ ምስል አሳየኝ። ለስንት ጊዜ እንዳየኋት እግዜር ይወቀው፤ ስልኩ እንደተቆለፈ የምትነግረኝ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ላይ በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ውጥረት በነበረበት ሳምንት ፌስቡክ፣ ሜሴንጀር፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገደቡ። እስከ ሐምሌ 10 ድረስ፣ አምስት ወር ያህል መሆኑ ነው። በእነዚያ ወራት ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ በየሰፈሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ “የቱ ቪፒኤን ነው የሚሠራው?” በእኛም ቤት ልጄ የእኔን፣ የአባቱን፣ የታላቅ እህቱንና የእማዬን ስልክ ሰብስቦ ያገኘውን ነፃ መተግበሪያ ጫነባቸው። እኛም መረቅነው። እገዳው ሲነሳ ቪፒኤኑን ማጥፋት ለማንም ትዝ አላለም። ስልኩ በተከፈተ ቁጥር ራሱ እንዲበራ ተደርጎ የተጫነ ነበርና ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። (ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ቪፒኤን ይረዳናል ብለው የሞከሩ ብዙ ናቸው። አልረዳም። ቪፒኤን ባለው መንገድ ላይ ተሸፋፍኖ ያልፋል እንጂ መንገድ አይጠርግም።)

ለእማዬ ያስረዳኋት በደብዳቤ ነው። “ለእህቴ ደብዳቤ ስትጽፊ ፖስታውን በሌላ ፖስታ ከተሽ ሲንጋፖር ላለ ሰው ትልኪያለሽ። እሱ የላዩን ቀድዶ የውስጡን ወደ ቨርጂኒያ ይልካል። መልሱም በዚያው በኩል ነው የሚመለስ። በመንገድ ላይ ያለ ሰው ደብዳቤው ለማን እንደሆነ አያውቅም።”

“ሲንጋፖር ማን አለን?” አለችኝ።

ጥያቄው እንደዋዛ አይታለፍም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ርቀቱን እንመልከት። ከደብረ ብርሃን እስከ ቨርጂኒያ በአየር ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሲንጋፖር ከዞረ ግን ወደ 23,000 ይጠጋል፤ እጥፍ ማለት ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ድምፃችን ያለ አንዳች መጨናነቅ ቢሄድ እንኳ ለአንድ ጉዞ ብቻ 115 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ መልሱም ያንኑ ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስልክ ንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ቢብስም ከ400 እንዳያልፍ ነው። ከዚያ ካለፈ ሁለት ሰዎች እኩል ይናገራሉ፣ እኩል ዝም ይላሉ። የእኛ ሁለት ሰከንድ ግን ከርቀት ብቻ የመጣ አይደለም። በነፃው መተግበሪያ በኩል አንድ ሰርቨር ላይ የሚጋፋው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ድምፃችን ወረፋ እየጠበቀ ነበር።

ነገሬ ትንሽ ሊረዝም ነው፣ ታገሱኝ። በ1841 በፈረንጆች አቆጣጠር ካፒቴን ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ከመልእክተኞቹ ጋር ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከታጁራ ወደብ አንኮበር ለመድረስ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። ታጁራ ዛሬ በጅቡቲ ግዛት ያለች ናት። ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከሚገባባቸው ዋና በሮች አንዱም ያው የጅቡቲ ባሕር ነው። ለሃሪስ ወር የፈጀው መንገድ ዛሬ የሰከንድ ሽራፊ ነው፤ እኛ ግን ከዚያ ላይ ሁለት ሰከንድ ጨምረን እናታችንን መርዶ ስናስጠብቅ ከረምን።

ያን ምሽት ከልጄ ጋር ለካን። አደራረጉ ቀላል ነው፤ ማንም አያት ሊያደርገው ይችላል። ከዋይፋዩ ሳጥን አጠገብ ተቀምጣችሁ ቪፒኤኑ እንደበራ የፍጥነት መለኪያ ትከፍታላችሁ፣ ቁጥሩን ትጽፋላችሁ። ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ደግማችሁ ትለካላችሁ። የእኛ ሲበራ 1.3 ሜጋቢት፣ ሲጠፋ 11 ሆነ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ዝቅተኛ ከሆኑ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከዋይፋዩ ነው። የበራው ብቻ ከወረደ ግን ማንንም አትሳደቡ።

እውነቱን ለመናገር ዋይፋዩም ንጹህ አልነበረም። ሳጥኑን “ቤት ያበላሻል” ብዬ ከቡፌው ኋላ፣ ከድስቶቹ አጠገብ የደበቅኩት እኔው ነኝ። ብረት ሞገድ ያግዳል። አውጥቼ ከፍ ካለ ቦታ ሳስቀምጠው በመኝታ ቤቱም ይሻል ጀመር። ባለቤቴ ስንት ዓመት የነገረኝን ነገር አሥራ አራት ዓመት ልጅ ሲለው ሰማሁት። ስለዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ያለውን ቅሬታ እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ወደ እማዬ ጥያቄ ልመለስ። ሲንጋፖር ማን አለን? ማንም። የቤተሰባችንን ደብዳቤ ሁሉ ለማናውቀው ሰው ነው የሰጠነው። በ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር የአውስትራሊያው የሳይንስ ተቋም ሲሳይሮ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን መተግበሪያዎችን መርምረው ነበር። 18 ከመቶዎቹ መልእክቱን ጭራሽ አይመሰጥሩም፤ ፖስታው ተከፍቶ ነው የሚሄደው ማለት ነው። 38 ከመቶዎቹ ላይ የአጥፊ ሶፍትዌር ምልክት ተገኝቷል። በ2015 ደግሞ፣ አሁንም በእነሱ አቆጣጠር፣ ሆላ የተባለው ታዋቂ ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ሲሸጥ መቆየቱ ይፋ ወጣ። እናንተ “ኢንተርኔቱ ዛሬ ምን ነካው” ስትሉ የማታውቁት ሰው በእናንተ ስም እየተጓዘበት ሊሆን ይችላል። ሰርቨር ገንዘብ ያስወጣል። እናንተ ካልከፈላችሁ ሌላ የሚከፍል አለ፤ የሚገዛውም የእናንተን ነገር ነው።

ልጄን አልቆጣሁትም። በዚያ ጊዜ የዘጠኝም ይሁን የአሥር ክፍል ተማሪዎች ለወላጆቻቸው ያደረጉትን ነው ያደረገው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሠራተኛ ቤቴ ሳስገባ ተያዥ የምጠይቅ ሴት፣ ስልኬ ውስጥ የገባውን ማንነት አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ያን ምሽት አራቱንም ስልክ ደርድረን አጠፋን። መተግበሪያውን ከሰረዛችሁ በኋላ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ቪፒኤን የሚለውን ከፍታችሁ እዚያ የተመዘገበ ካለ እሱንም አንሱት። በአይፎን ላይ ቁልፍ ሳይሆን በላቲን ፊደል የተጻፈ ቪፒኤን የሚል ምልክት ነው የምታዩት።

ቪፒኤን ለሥራ የግድ የሆነባችሁም አላችሁ። ጎረቤቴ ደብረ ብርሃን ተቀምጣ አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት ሒሳብ የምትሠራ ሁለት ልጆች ያሏት እናት ናት። እሷ ማጥፋት አትችልም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ የሚከፈተው በእሱ ብቻ ነው። የእሷ ሕመም ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበር። ጽሑፍ ይሄዳል፣ ትልልቅ ፋይል ግን መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ይህ ብዙውን ጊዜ የፖስታ መጠን ነገር ነው። መስመሩ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው 1500 ባይት የሚሆን ጥቅል ነው። ቪፒኤን ፖስታ በፖስታ ላይ ስለሚጨምር ጥቅሉ ወፍሮ በመግቢያው አይገባም። የመሥሪያ ቤቷ ባለሙያ መጠኑን ወደ 1400 ሲያወርድላት ፋይሉ አለፈ። ባለሙያው ከቲሲፒ ወደ ዩዲፒም ቀይሮላታል። ቲሲፒ አንዲት ጥቅል ከጠፋች እስክትገኝ ድረስ ሌሎቹን ያስቆማል፤ ቪፒኤኑም በውስጡ የሚያልፈውም ሁለቱ ቲሲፒ ሲሆኑ ሁለቱም ለአንዲት የጠፋች ጥቅል እኩል ሲያስቆሙ ይውላሉ። እንደ ዋየርጋርድ ያሉት አዳዲሶቹ በዩዲፒ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ከድሮው ኦፕንቪፒኤንም ቀለል ይላሉ። አገር ምረጡ የሚል ከሆነ ደግሞ ከምትደርሱበት ሰው ጋር በመንገድ ላይ ያለውን ምረጡ። ወደ አሜሪካ ለሚደውል ከሲንጋፖር አውሮፓ ይሻለዋል።

እሑድ ደረሰ። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ እንደነገሩ እየቀመሰች፣ ጎህ ሲቀድ እየተነሳች ከርማለች። የፖስታው ተረት አላሳመናትም። ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ፤ ልጄ ቁልፏ አለመኖሯን አይቶ አቀበላት።

“ጤናሽ እንዴት ነው?”

“ደህና ነኝ እማዬ፣ አንቺስ? ዓይንሽ ተሻለሽ?”

ወዲያው ነው የመለሰችላት። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም እንደ ጀግና ተቀመጥኩ።

“ሥራሽስ?”

ዝም።

ስልኩን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ቁልፏ የለችም። ምስሉም አልቆመም፤ የእህቴ ዓይን ይርገበገባል፣ ከኋላዋ መጋረጃው ይወዛወዛል።

“ሥራሽስ፣ ልጄ?” አለች እማዬ ደግማ።

የሥራ ሰዓቷን ከቀነሱባት ሁለት ወር አልፎታል። ሌላ ቦታ አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነው። “እንዳትጨነቂ ብዬ እኮ ነው” አለች፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ስለሚሰማ እንባዋን ስትውጥ እንኳ ሰማናት።

“ይኸው ነው?” አለች እማዬ። “በእመቤቴ! ይኸው ብቻ ነው?”

“ይኸው ነው።”

“እኔ ሰው ሞቶ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ በር ስጠብቅ! ሥራ ይመጣል፣ ይሄዳል። አሁን ምን በልተሽ ነው ያለሽው?”

አንድ ሰዓት አወሩ። ስልኩ ሲዘጋ እማዬ እራት ጠየቀች። ጠላውንም ደግማ አስቀዳች።