ሣጥን ቢሞላ መዝገብ አይደምሰስ

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለ፥ ሹም የሚያስተዳድረው፥ ዳኛ የሚፈርደው፥ ገበሬም ይዞታውን የሚያስከብረው በተጻፈው ነው። ስለዚህም በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜ የጽሕፈት ሚኒስቴር አብሮ ቆመ፤ በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተመሠረተ፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አገር መዛግብት አዋጅ ቁጥር 179 ወጣ።

ዛሬ በወልድያ፥ በመርሳና በመላው ሐብሩ ደብዳቤ በኢሜይልም ይደርሳል። የምርጥ ዘር ድልድል፥ የማዳበሪያ ቍጥር፥ የይዞታ ልኬታ፥ የገበሬውም አቤቱታ በዚሁ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ሣጥኑ ልክ አለው። በነጻ የሚገኘው የጂሜይል ሣጥን ለደብዳቤውም ለፎቶግራፉም በአንድነት 15 ጊጋባይት ነው፤ ሲሞላም አዲስ ደብዳቤ መቀበል ያቆማል። ጸሐፊውም ይህን ባየ ጊዜ የቆየውን ሁሉ ይደመስሳል። ወደ ቆሻሻው መዝገብ የተጣለውም ከ30 ቀን በኋላ ፈጽሞ ይጠፋል።

አንዳንዶች፥ ያለፈ ደብዳቤ ምን ይረባል ይላሉ። የድንበር ክርክር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ይነሣል፤ በዚያን ጊዜ ለድኻው የሚመሰክርለት ያ የቆየ ደብዳቤ ነው። ደግሞም ሥፍራ የሚያጣብበው ጽሑፉ ሳይሆን ተያይዞ የሚመጣው ፎቶግራፍና ካርታ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ከባዱን መለየት እንጂ ሁሉን መጥረግ አይገባም።

እኛ የምንመክረው ይህን ነው። በየዓመቱ የበጀቱ ዘመን ሰኔ 30 ቀን ከመዘጋቱ በፊት፥ የቆየው ደብዳቤ በዓመትና በጉዳይ ተለይቶ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ ቀኑና ቍጥሩም በመዝገብ ይጻፍ። ግልባጩ በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ መነበቡ ከታወቀ በኋላ ብቻ ከሣጥኑ ይነሣ። የመሥሪያ ቤቱም ሣጥን በጸሐፊው የግል ስም አይሁን፤ ጸሐፊው ሲዛወር ቍልፉ አብሮት ይሄዳልና።

ግልባጩም በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን በያዛት ጊዜ በሰሜን ወሎ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ በሐብሩ የሚገኘው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ከዝርፊያው አልዳነም። መርሳና ወልድያ በአንድ የደሴ መንገድ ላይ ስለ ሆኑ አንድ ክፉ ቀን ሁለቱን ይደርሳቸዋል። ስለዚህ አንዱ በመርሳ፥ አንዱ በወልድያ፥ ሦስተኛው ደግሞ ከዞኑ ውጭ በባሕር ዳር ይኑር።

የተከበራችሁ ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት ሆይ፥ የሃርድ ዲስክ ዋጋ ለመሥሪያ ቤታችሁ ቀላል ነው። ማስረጃው የጠፋበት ገበሬ ግን መሬቱን በምን ያስመልሳል? እናንተም ባለይዞታዎች የደብዳቤያችሁን ቀንና ቍጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ ጸሐፊው ቢለወጥም ፈላጊው እናንተ ናችሁና።