የድመቷ ሐቅ፦ የታሸገው ምግብና የቤታችን ትራፊ

ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን አንዲት እናታችን ከመቱ ከተማ የላኩልን ጥያቄ ነው። ልጃቸው ከሰዑዲ ዐረቢያ ስትመለስ ለቤቱ ድመት ብላ በጣሳ የታሸገ እርጥብ ምግብ ይዛ መጥታለች። እናታችን ሁለት ነገር ይጠይቁናል። አንደኛ፣ የምን ሥጋ እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ወደ ሙስሊም ቤት ሊገባ ይገባል ወይ? ሁለተኛ፣ ይህ ከባሕር ማዶ የመጣው ምግብ እርሳቸው ለአዱሬያቸው ከሚሰጧት እንጀራና ወተት በእርግጥ ይሻላል ወይ? «ለድመት ይህን ያህል?» ብላችሁ ፈገግ የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ጉዳዩ ግን በዲናችን ቀላል ቦታ የተሰጠው አይደለም።

ዐብዱላህ ኢብን ዑመርና አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የታወቀ ሐዲስ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንዲት ድመት ምክንያት ለእሳት ስለተዳረገች ሴት ነግረውናል። ሴትዮዋ ድመቷን አሰረቻት፤ ራሷ አላበላቻትም፣ የምድር ነፍሳትን አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ሁለቱ ነገሮች ለየብቻ መጠቀሳቸውን ልብ እንበል። ለድመት የተከፈቱላት በሮች ሁለት ናቸው፤ ወይ ባለቤቷ ይመግባታል፣ ወይ ራሷ ታድናለች። ተጠያቂ የሆነችው ሁለቱንም በር የዘጋችው ናት።

እስቲ አሁን ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። በመቱም ሆነ በጎሬ ወይም በበደሌ በቆሎ ወደሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ያለ ሰው ከጆንያው አጠገብ በሲባጎ የታሰረች ድመት ቢያይ አይደነቅም። የታሰረችው አይጥ እንድታባርር ነው። ሲባጎው ሁለት ክንድ እንኳ አይሞላም፤ አይጡም የሲባጎውን ልክ ያውቃል! የሚጣልላት ደግሞ ወጥ የነካካው እንጀራ ነው። «ድመት ከጠገበች አታድንም» ይባላልና አንዳንዱ ሆን ብሎ ያስርባታል። ይህ ትክክል አይደለም። ድመት የምታድነው በተፈጥሮዋ እንጂ ስለተራበች ብቻ አይደለም፤ የጠገበችውም ታድናለች፤ በረሃብ የደከመችው ግን ለአደን አቅም የላትም።

ድመት ሥጋ በል ሆና የተፈጠረች ናት። የአገራችን ሰው «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ለቀልድ ቢሆንም ለምግቧ በትክክል ይሠራል። ውሻ እህል ተመግቦ በተሻለ ሁኔታ መኖር ይችላል፤ ድመት ግን ሰውነቷ ከአትክልት ቫይታሚን ኤ መሥራት ስለማይችል ከጉበትና ከመሳሰለው በቀጥታ ማግኘት አለባት። ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገርም እንደዚሁ በእህል ውስጥ አይገኝም፤ ያለው በሥጋና በዓሣ ነው፤ በልብ ሥጋ ውስጥ ደግሞ በብዛት አለ። ሲጎድልባት ዓይኗ ይታወራል፣ ልቧም ይደክማል። በ1987 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ ዶክተር ፖል ፒዮንና ባልደረቦቻቸው የብዙ ድመቶች ልብ እየሰፋ የሚደክመው በታውሪን እጥረት መሆኑን ገለጹ። የሚያስደንቀው እነዚያ ድመቶች ሲመገቡ የነበረው የፋብሪካ ምግብ መሆኑ ነው። ፋብሪካዎቹ የታውሪኑን መጠን ከፍ ያደረጉት ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ መሠረት እንጀራና ወተት ለድመት ሆድ መሙያ እንጂ ምግብ አይሆኑም። ወተቱ ራሱ ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፤ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መፍጨት ስለሚያቅታቸው ነው። ከሁሉ የከፋው ወጡ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ተቀቅሎም ተቁላልቶም መርዝነቱ አይጠፋም። ወጣችን ያለ ሽንኩርት እንደማይሠራ ደግሞ የታወቀ ነው።

ታዲያ የታሸገው እንዴት ይመዘናል? በጣሳው ፊት ያለው የድመት ሥዕል ምንም አይነግረንም፤ ጀርባውን ማንበብ ነው። በዚያ የተዘረዘሩት ነገሮች በክብደታቸው ቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ መኖር አለበት። ፊት ለፊት «ዶሮ ያለበት» የሚል ጽሑፍ ግን አያታልለን፤ በአሜሪካ ደንብ እንዲህ ብሎ ለመጻፍ 3 በመቶ፣ በአውሮፓ ደግሞ 4 በመቶ ዶሮ ይበቃል። ቀጥሎ «የተሟላ ምግብ» ይላል ወይስ «ተጨማሪ ምግብ»? ሁለተኛው ለብቻው የዘወትር ቀለብ አይሆንም።

የፕሮቲኑ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። በእርጥቡ ጣሳ ላይ 8 በመቶ፣ በደረቁ ከረጢት ላይ 30 በመቶ ተጽፎ ያየ ሰው ደረቁ ይበልጣል ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን የጣሳው 82 በመቶ ውሃ ነው። ውሃው ሲቀነስ ከሚቀረው 18 እጅ ውስጥ 8ቱ ፕሮቲን ነው፤ ይህም 44 በመቶ ይሆናል። ደረቁ 10 በመቶ ውሃ ቢኖረው ከ90ው 30 ማለት ነው፤ 33 በመቶ። በአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር መለኪያ ውሃው ተቀንሶ ላደገች ድመት 26፣ ለግልገል 30 በመቶ ዝቅተኛው ነው። ውሃው ራሱ ጥቅም አለው፤ ድመት በተፈጥሮዋ ውሃ አዘውትራ አትጠጣምና።

ቁጥሩም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። በ2007 እ.ኤ.አ. ሜኑ ፉድስ የተባለው የሰሜን አሜሪካ አምራች ከ60 ሚሊዮን በላይ ጣሳና ከረጢት ከገበያ ሰብስቧል። ከቻይና የተገዛው የስንዴ ግሉተን ሜላሚን የተባለ የፕላስቲክ ኬሚካል ተቀላቅሎበት ስለነበር ብዙ ድመቶችና ውሾች ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ሞቱ። ምርመራው ፕሮቲንን የሚለካው በናይትሮጅን መጠን በመሆኑ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ሜላሚን ፕሮቲን መስሎ አለፈ። በሚዛን ማጭበርበር በሱረቱል ሙጠፊፊን የተወገዘ ነው፤ ይኸኛውም ከዚያው ወገን ነው።

«የሥጋ ተረፈ ምርት» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሳንባ፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት፣ ጉበት ማለት እኮ ነው! በመቱ ሉካንዳ በርካሽ የሚሸጠው ወይም ለውሻ የሚጣለው ማለት ነው። ለድመት መልካም ምግብ ነው። ሐሳብ የሚገባው «የእንስሳ ተረፈ ምርት» ብሎ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ሳይገልጽ ሲቀር ነው፤ እርያማ ሊኖርበት ይችላል። ይህ ወደ እናታችን የመጀመሪያ ጥያቄ ይወስደናል።

ድመት ሸሪዓዊ ግዴታ የለባትም፤ ያልታረደ በበላች አትጠየቅም። ጥንቃቄው በእኛ በኩል ነው። በሐነፊ መዝሀብ መጻሕፍት በክትን ወደ ድመት መውሰድ እንደማይገባ፣ ድመቷን ወደ በክቱ ማድረስ ግን እንደሚቻል ተጽፏል፤ ሌሎች ዑለማእ ደግሞ ማብላቱን ፈቅደዋል። መግዛትና መሸጥ ግን ከዚህ የጠበቀ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ መካ በተከፈተችበት ዓመት የአስካሪ መጠጥ፣ የበክት፣ የእርያና የጣዖት ሽያጭ ሐራም መሆኑ ተነግሯል። ስለዚህ እርያ እንዳለበት የተጻፈውን አንገዛም፤ እንስሳው ያልተገለጸውንም መተው ይሻላል። የዓሣ የሆነው ጣሳ ከዚህ ሁሉ ክርክር ነፃ ነው። ድመቷ ራሷ ግን ነጃሳ አይደለችም፤ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ለዉዱእ የቀረበላቸውን ዕቃ አዘንብለው ድመት አጠጥተው እንደነበር የልጃቸው ሚስት ከብሻ አስተላልፈዋል።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሳችን፣ ጣሳው ከእንጀራና ከወተቱ እጅግ ይሻላል፤ ከሉካንዳው ግን የግድ አይበልጥም። ጮማ የሌለው የበሬ ሥጋ ከ100 ግራሙ 20 ያህሉ ፕሮቲን ነው። ጣሳው የሚበልጠው ካልሲየሙና ቫይታሚኑ ተመጥኖ ስለገባበት ነው። ይህን በቤት ለመተካት ልብ፣ ኩላሊትና ቁርጥራጭ ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬና ያለ ሽንኩርት በትንሽ ውሃ ይቀቀል። ታውሪኑ ወደ መረቁ ስለሚወጣ መረቁ አይደፋ፤ ከሥጋው ጋር ይሰጣት። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ግልገሎች አጥንታቸው የሚልፈሰፈሰው ለዚህ ነው፤ በደንብ የተፈጨ የዕንቁላል ቅርፊት ጥቂት ይነስነስበት። የተቀቀለ አጥንት ግን እየተሰነጠረ አንጀት ይበሳልና አይሰጥ። ጉበት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በትንሹ ይበቃል፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤው ይጎዳል። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ለድመትም ለውሻም ሳይሰጥ ይቀበር፤ በውሻ በኩል ወደ ሰው የሚመለስ ትል ነው። በጋምቤላ መንገድ ዓሣ የሚያገኝ ቤተሰብም ጥሬውን አይስጥ፤ በአንዳንድ ጥሬ ዓሣ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አለ።

አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 150 ግራም ገደማ እንዲህ ያለ ምግብ ይበቃታል። በጣሳው ከሆነ የ85 ግራሙ ሦስት ያህል ያስፈልጋል፤ እናታችን የቀሩትን ጣሳዎች ቆጥረው ስንት ቀን እንደሚያዘልቁ ሊያሰሉ ይችላሉ። በኢሉባቦር እርጥበት ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተከፈተ ጣሳ ማሳደር አይቻልም፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየው ይደፋ። በጎተራው ዙሪያ የአይጥ መርዝ የተረጨ እንደሆነም ድመቷ በዚያ ሰሞን ወደ አደን አትለቀቅ፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት አብራ ትሞታለች። በእነዚያ ቀናት ቀለቧ ሙሉ በሙሉ በእኛ ላይ ነው።