ተረቱን ያበላሸው ማን ነው?

«ሴቶች ባለቅኔዎች የልጆችን ተረት አበላሹት» የሚል ወቀሳ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምተናል። ወቃሾቹ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል መምህራን ይገኙባቸዋል። እንደ እነርሱ አባባል ባለ ቀይ ቆቧ ልጅና የተኛችው ልዕልት ከጥንት ጀምሮ ንጹሓን ታሪኮች ሆነው ኖረዋል፤ አሜሪካዊቱ አን ሴክስተንና በብሪታንያ የምትጽፈው ካሮል አን ደፊ ግን የራሳቸውን ምሬት ጨምረው አደፈረሷቸው። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። ተረቱን መንካት ጥፋት ከሆነ፣ ከእነርሱ አስቀድመው የነኩት ወንዶች ደራስያን መሆናቸውን መጻሕፍቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

በመጀመሪያ ባለ ቀይ ቆቧን እንመልከት። ከፈረንሳይ ገበሬዎች አፍ በ19ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው ተረት ልጅቱ ከተኩላው የምታመልጠው በገዛ ብልሃቷ ነው። ወደ ደጅ መውጣት እንዳለባት ትነግረዋለች፤ እርሱም እንዳታመልጠው እግሯን በገመድ አስሮ ይለቃታል፤ እርሷ ግን ገመዱን ከእግሯ ፈትታ ከዛፍ ላይ ታስረውና ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ሻርል ፔሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1697 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ግን ይህ ብልሃት የለም። ልጅቱ ትበላለች፤ ታሪኩም በዚያው ያበቃል፤ ቈነጃጅትን የሚገሥጽ ግጥምም በመጨረሻው ተቀጥሎበታል። በ1812 ዓ.ም. ግሪም ወንድማማቾች አንድ አዳኝ አምጥተው የተኩላውን ሆድ በመቀስ አስቀደዱ። (ከዚያ ወዲያ አያትና ልጅ ሌላ ተኩላ የሚያሰጥሙበትን ክፍል መጨመራቸው እውነት ነው፤ ለሕፃናት የሚነገረው ግን የአዳኙ ታሪክ ነው።)

የተኛችው ልዕልት ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የኔፕልሱ ሰው ጃምባቲስታ ባዚሌ በ17ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ተረት ንጉሡ ልጅቱን ተኝታ ሳለች ይደርስባትና ትቷት ይሄዳል። እርሷም ሳትነቃ መንታ ትወልዳለች፤ የምትነቃውም ከሕፃናቱ አንዱ ጣቷን ሲጠባ በጣቷ የተሰነቀረው የተልባ እግር እንጨት ሲወጣላት ነው። ኋላ የመጡት ደራስያን ይህን አስቀርተው የሠርግ ድግስ አደረጉት። ንጹሕ የሚባለው ተረት እንግዲህ ይህ ነው!

ሴክስተን በ1971 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ የግሪሞችን ተረቶች በ17 ግጥሞች እንደ ገና ስትናገር፣ የነቃችው ልዕልት ከዚያ በኋላ እንቅልፍን የምትፈራ፣ ያለ መድኃኒት ዓይኗን የማትከድን ሴት ሆናለች። ይህ ማደፍረስ ነውን? በሠርግ ድግስ የተሸፈነውን ቍስል ገልጦ ማሳየት ይመስለናል እንጂ።

ደፊ በ1999 ዓ.ም. ባወጣችው መጽሐፍ የመጀመሪያው ግጥም ባለ ቀይ ቆቧን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያደርጋታል። ተኩላው ባለቅኔ ነው፤ ዋሻውም መጻሕፍት ሞልቶበታል። ልጅቱ ተታልላ ሳይሆን ቅኔ ፈልጋ በገዛ ፈቃዷ ትከተለዋለች፤ ዐሥር ዓመትም በጫካው ትኖራለች። በመጨረሻ ተኩላው ያንኑ የድሮ ዜማ እየደጋገመ መጮኹን ስትረዳ መጥረቢያ ታነሣለች፤ በሆዱም የአያቷን አጥንት ታገኛለች። ከጫካው ስትወጣ የሚያወጣት አዳኝ የለም፤ አበባ ይዛ እየዘፈነች ብቻዋን ትወጣለች። በፔሮ ዘንድ የሴት ልጅ ማደግ መበላት ነው፤ በግሪሞች ዘንድ ደግሞ ሌላ ሰው እስኪያወጣት መጠበቅ ነው። በዚህ ግጥም ግን ማደግ ማንበብ፣ መሳሳት፣ በመጨረሻም በራስ እጅ መውጣት ሆኗል። ያቺ ገመዱን ከዛፍ ላይ ያሰረችው የገበሬ ልጅ ብትሰማው የራሷን ነገር የምታውቅበት ይመስለናል።

በአገራችን ተረት ነጋሪው ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። እነዚህ ሴቶች በልጅነታቸው የሰሙትን ተረት መልሰዋል፤ ነጋሪዎቹ ስለ ምን እንደሚቈጡ አልገባንም።

ሴክስተን አንዳንድ ጊዜ ፌዟ እጅግ መራራ እንደሚሆንና ጭካኔዋም ከልክ እንደሚያልፍ አንክድም። መጽሐፏ ለሰባት ዓመት ሕፃን ይነበብ የሚል ሰው ቢኖር ከወቃሾቹ ጋር እንቆማለን። ነገር ግን ለአቅመ ሔዋን የደረሰች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የፔሮን ተረት ከነተግሣጹ እንድታነብ ከተሰጣት፣ የደፊንም ግጥም ከጎኑ አኑሮ ሁለቱን እንድታመዛዝን ማድረግ የመምህሯ ተግባር ነው።