«ተኚ፣ እረፊ» የሚለው ፍቅር

ድሬዳዋ ውስጥ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። አንዲት እናት አዲስ አበባ ሄደው የዳሌ መገጣጠሚያቸውን አስቀይረው ሲመለሱ ቤቱ ምን እንደሚመስል የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሩ ክፍት ነው፤ ጫማው ደጃፍ ላይ ተደርድሯል። አንዷ አጥሚት ይዛ ትገባለች፣ ሌላዋ ሁልበት መረቅ። አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማሊኛው አንድ ክፍል ውስጥ ይቀላቀላል። ድሬ «አንቱ» ማለት ብዙም አትወድምና ከልጅ እስከ አዛውንት ሁሉም በአንድ አፍ ይመክራል፦ «ተኚ! እረፊ! ማን ተነሺ አለሽ? እኛ እያለን!»

ፍቅር ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ከዳሌ ቅየራ በኋላ በሽተኛን ወደ ኋላ ከሚጎትቱት ነገሮች አንዱ ይኸው «ተኚ» የሚለው ፍቅር ነው።

ነገሩ ከገንዘቡ ይጀምራል። ለቀዶ ጥገናው ሲባል ዕቁብ ቀድሞ ይወጣል፣ ወርቅ ይሸጣል፣ ውጭ ያለ ዘመድ ይልካል፣ ጎረቤት ያዋጣል። አቅም ያለው ሕንድ ወይም ቱርክ ድረስ ይሄዳል። ቀዶ ጥገናው ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነው። ማገገሙ ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። ለሁለቱ ሰዓት ሁሉም አዋጥቷል፤ ለዓመቱ ማን ምን አዋጣ? ቤቱ አልተዘጋጀም፣ የሚያስነሳ ሰው አልተመደበም፣ ህመሙ እስከ መቼ እንደሚቆይ የነገራቸው የለም። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት እኚያ እናት ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «ገንዘቡም ጠፋ፣ እኔም አልዳንኩ» ይላሉ።

አልዳኑም ማለት ግን አይደለም። በመዳን ላይ ናቸው፤ መዳን እንዲህ እንደሚያም ያስረዳቸው ሰው አጥተው ነው።

ዳሌ ላይ የተሠራው ምንድን ነው? የጭን አጥንት ከላይ በኩል እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ዳሌው ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ይሽከረከራል። በዕድሜ ምክንያት አጥንቱን የሚሸፍነው ለስላሳ ነገር ሲያልቅ፣ ወይም ወደ ኳሱ የሚሄደው ደም ሲቋረጥ፣ ወይም የድሮ ስብራት በወጉ ሳይታከም ሲቀር አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋጫል። ሐኪሙ የተበላሸውን ኳስ ቆርጦ ያወጣና በብረትና በፕላስቲክ ወይም በሴራሚክ በተሠራ ይተካዋል። ይህን ሕክምና ዛሬ ወደሚታወቅበት መልክ ያመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሌ ነው። መጀመሪያ የሞከረው ቴፍሎን ቶሎ እየተበላ ከሽፎበት ነበር፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ፕላስቲክ ተጠቅሞ ተሳካለት። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2007 እ.ኤ.አ. «የክፍለ ዘመኑ ቀዶ ጥገና» ብሎ ያወጣው ጽሑፍ ስለዚሁ ነው። ያው መጽሔት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት ከተተከሉ 100 ዳሌዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። የእንግሊዟ ንግሥት እናት አንዱን ዳሌ በ95 ዓመታቸው፣ ሌላውን በ97 ዓመታቸው አስቀይረው እስከ 101 ዓመት ኖረዋል። «አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ያን ያህል መሠረት የለውም።

«ተኚ» የሚለው ምክርም ከየትም የመጣ አይደለም። በቻርንሌ ዘመን ሐኪሞቹ ራሳቸው በሽተኛውን ለሳምንታት አልጋ ላይ ያቆዩት ነበር። ቀስ በቀስ ግን አልጋው ራሱ እንደሚጎዳ ታወቀ። ያልተንቀሳቀሰ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ሳንባ ራሱ በመተኛት ብዛት ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ለዓመታት በማነከስ የሳሳው ጡንቻ ይብሱን ይከሳል። ስለዚህ ዛሬ በሽተኛው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በዎከር ተደግፎ እንዲቆም ይደረጋል። ሆስፒታል የተወውን ምክር ጎረቤት ነው ይዞት የቀረው።

እውነት ነው፣ የሚያማትን አሮጊት «ተነሺ» ማለት ጭካኔ ይመስላል። ልጇ አጠገቧ ቆሞ ፊቷ ሲጨማደድ እያየ «በቃ እማዬ፣ ነገ ይደርሳል» ቢል ማን ይፈርድበታል? ግን ዛሬ የታለፈው አምስት ደቂቃ ነገ አሥር ሆኖ ይመጣል። ጡንቻው በደከመ መጠን መነሳቱ ያማል፤ ባመመ ቁጥር መነሳት ይቀራል፤ በቀረ ቁጥር ጡንቻው ይደክማል። ይህን ክብ መስበር የሚቻለው ህመሙን በመድኃኒት አስታግሶ በመራመድ ነው።

መድኃኒቱ ላይም ስህተት አለ። ብዙ ሰው «ያስለምዳል» ብሎ ማስታገሻውን ይፈራና ህመሙ ጣራ ሲነካ ብቻ ይውጣል። ያኔ መድኃኒቱ ቶሎ አይደርስለትም። ሐኪም ባዘዘው ሰዓት፣ በተለይ ከእንቅስቃሴ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሲወሰድ ግን መራመድ ይቻላል። ትራማዶል የታዘዘለት ሰው ራስ ሊያዞረው፣ ሆዱም ሊደርቅ ስለሚችል ውኃና አትክልት ማብዛት፣ ሲነሳም ሰው አጠገቡ እንዲኖር ማድረግ አለበት። ሌላው አደጋ ከመንደር ፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዙ መጨመር ነው። ደም እንዳይረጋ የታዘዘ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ይህ አይስማማም፤ ሊያደማ ይችላል። የደም ማቅጠኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ እስከ 35 ቀን ይታዘዛል። «ተሻለኝ» ብሎ በአሥረኛው ቀን ማቆም አይገባም።

ህመሙ ራሱ መልክ አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያመው ቁስሉ ነው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስፌቱ ይወጣና ህመሙ ወደ ጭንና ወደ ጉልበት ይወርዳል፤ ማታ ማታ ይብሳል። እግሩ ያብጣል፤ እብጠቱ ለወራት ሊመላለስ ይችላል። አንዱ እግር የረዘመ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዳሌው ሲስተካከል ጡንቻው ገና ስላልለመደው ነው። ብረቱ ቦታውን ይዟል፣ ሥጋው ግን ገና እየተማረ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ብዙ ሰው ከክራንች ወደ ከዘራ ይሸጋገራል፤ በሦስተኛው ወር አብዛኛውን የዕለት ሥራውን ይሠራል፤ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ግን እስከ ዓመት ይሄዳል። አንድ ቀን ጥሩ፣ በማግስቱ መጥፎ መሆኑም ያለ ነው። ይህን ቀድሞ የሰማ ሰው ሲያመው አይደነግጥም።

የድሬ ቤት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። በተለይ ከኋላ በኩል የተከፈተ ዳሌ በመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንታት ሦስት ነገር አይወድም፦ ጉልበትን ከዳሌ በላይ ከፍ አድርጎ መታጠፍ፣ እግርን ማነባበር፣ እግርን ወደ ውስጥ ማዞር። የቡናው በርጩማ፣ የቁጢጥ ሽንት ቤቱ፣ መሬት ላይ የተነጠፈው ፍራሽ እነዚህኑ ያስደርጋሉ። በርጫ ላይ አንድ ጉልበት ተክሎ፣ በአንድ ጎን ትራስ ተደግፎ ለሰዓታት መቀመጥማ አዲስ ዳሌን ከቦታው ለማውጣት የታሰበ ይመስላል። ጫቱም እንቅልፍና ምግብ ይዘጋል፤ ቁስል ደግሞ የሚድነው በእንቅልፍና በምግብ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ብየዳ ቤት ሄዶ መሀሉ ክፍት የሆነ ጠንካራ የብረት ወንበር አሠርቶ ሽንት ቤቱ ላይ ማድረግ ይቻላል። አልጋውን በእንጨት ከፍ ማድረግ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ጠንካራ ትራስ መጨመር፣ የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ ማንሳት፣ ነጠላ ጫማን ተረከዝ በሚይዝ ጫማ መቀየር፣ ሲተኙ በእግሮች መሀል ትራስ ማድረግ፤ ይኸው ነው። ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ወደ ደረት ስለሚጠጋና መንገዱም ስለሚያንገጫግጭ እስኪፈቀድ ድረስ ወንበሩ ወደ ኋላ የተገፋ የመኪና የፊት መቀመጫ ይሻላል። ሙስሊሟ እናት ሶላታቸውን ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ይችላሉ፤ ክርስቲያኗም ስግደቱን ትተው ተቀምጠው ቢያስቀድሱ ማንም አይወቅሳቸውም። ለታመመ ሰው ሁለቱም እምነት ይራራል። መቋሚያ ግን ክራንች አይሆንም።

ከዘራ የሚያዘውም በታመመው እግር በኩል አይደለም፤ በተቃራኒው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ የታመመው። የድሬ ሙቀት ከባድ ስለሆነ እግር ማፍታታቱ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ወይም አመሻሽ ላይ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቢሆን ይመረጣል። አንዴ ግማሽ ሰዓት ከመሄድ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ መሄድ ይሻላል። ላበጠው እግር በጨርቅ የተጠቀለለ የቀዘቀዘ የውኃ ላስቲክ ለ15 ደቂቃ ማድረግ ያሳርፋል፤ ቁስሉ ግን መርጠብ የለበትም።

ህመም ሁሉ ደግሞ ዝም የሚባል አይደለም። ድንገት ክፉኛ አሞ እግሩ ካጠረና ከዞረ፣ መቆምም ካቃተ ዳሌው ወልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ባት ብቻውን አብጦ ከቀላና ከጋለ ደም ረግቶ ይሆናል። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ደረት ከወጋና ትንፋሽ ካጠረ ደቂቃ አይባክንም። በእነዚህ ጊዜ የሚኬደው ሆስፒታል ነው። ወጌሻ ለብዙ ቤት ባለውለታ ነው፤ ብረት የገባበትን ዳሌ ግን መጎተት የለበትም። ደም የረጋበትን ባት ማሸትም የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

አሁን ወደ ጎረቤቱ እንመለስ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ይሞላል፤ በሽተኛዋ ግን ያኔ ደክሟቸው መተኛት ነው የሚፈልጉት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ህመሙ ሲያሰለች፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ «አልድንም» የሚለው ሐሳብ ሲገባ ቤቱ ባዶ ነው። ጥየቃው ተገልብጧል። እድሩ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለውንና ተራ የሚያወጣውን ያህል በሕይወት ላለው ሰውም ተራ ቢያወጣ ምን ይጎድልበታል? አንዷ ጎረቤት ሰኞና ሐሙስ፣ ሌላዋ ማክሰኞና ዓርብ፤ ሥራቸውም አጥሚት ይዞ መቀመጥ ሳይሆን «ተነሺ፣ እስከ በሩ ደርሰን እንምጣ» ማለት። እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ። ገንዘብ አይጠይቅም።

ከሐኪም ቤትም የሚጠበቅ አለ። በሽተኛ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ይዞት የሚመጣው ወረቀት እንግሊዝኛ ነው፤ የምታስታምመው ልጅ አንብባ የማትረዳው ወረቀት ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እንደ ድል ጮራና ሳቢያን ያሉ የከተማዋ ሆስፒታሎች አንዲት ገጽ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ቢያዘጋጁ፦ ምን ይደረግ፣ ምን አይደረግ፣ መቼ ይሮጥ። ፊዚዮቴራፒስቱ ለበሽተኛዋ ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚዋም አንድ ቀን ቢያስተምር። አብዛኛው እንቅስቃሴ አልጋ ላይ ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስ፣ የጭን ጡንቻን አጥብቆ መልቀቅ፣ ጠረጴዛ ይዞ እግርን ወደ ጎን ማንሳት ነው። አንዴ በትክክል ያየ ሰው ቤት ውስጥ ያሠራዋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ተረቱ ትዕግሥትን ሲያስተምር አንድ ነገር አብሮ ይናገራል፦ እንቁላሉ የሄደው ተኝቶ አይደለም። እኚያ እናት ዛሬ እስከ በሩ ይደርሳሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ጎረቤት፤ በሦስተኛው ወር በከዘራቸው እስከ ቀፊራ። ያን ቀን ገበያው መሀል ያገኛቸው ሁሉ፣ ድሬ ነውና፣ «አንቺ! ተነሳሽ እንዴ?» ይላቸዋል። ተነሺ ያላቸው ሰው ስለነበረ ነው።