1731ን ይጠቅሳሉ፣ 1723ን ይዘልላሉ

አምደኛው፣ ከደብረ ማርቆስ

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አምበር ላይ ቤት አገኘሁ። ቀብድ ልሰጥ ስለሆነ መጥተህ እይልኝ።» መምህር ነው። ዐሥር ዓመት በሰው ቤት ተከራይቶ ኖሯል፤ ሦስቴ በአከራይ ልጅ ሠርግ ሰበብ ዕቃውን በጋሪ ጭኗል። ድምፁ የታጨለት ሙሽራ ድምፅ ነበር።

አምበርን የማያውቅ ካለ፦ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ከመግባቱ በፊት አስፋልቱ ላይ የሚያገኛት የአነደድ ወረዳ መቀመጫ ናት። መንገደኛው በመስኮት አይቷት ያልፋል። «አዲስ አበባ ላይ ቤት የማይቀመስ ከሆነ ወደ ትንሽ ከተማ ውጡ» የሚሉን ሰዎች ልባቸው ላይ ያለችው እንዲህ ዓይነቷ ከተማ ናት። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ዛሬም ዕጣ የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉ ምክሩ አይፈረድበትም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

ቤቱን አየነው። ሁለት ክፍል፣ ከኋላ ማድ ቤት፣ ጓሮው ላይ ጌሾና አምስት ባሕር ዛፍ። ምርጊቱ በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ ነው፤ በውስጥ በኩል ኖራ ተቀብቷል። ቆርቆሮው ስስ፣ ሚስማሩ ዙሪያውን የዛገ። በስተ ሰሜን ካሉት ቋሚዎች አንዱ መሬት የነካበት እግሩ ጠቁሯል። የቤቴን ቁልፍ አውጥቼ ብወጋው እስከ ግማሹ ሰጠመ። ባለቤቱ ምንም አልደነገጠም፤ «ቋሚ ይቀየራል» አለ። እውነቱን ነው። እኔም የፈራሁት ቋሚውን አልነበረም።

የፈራሁትን ደላላው ከኪሱ አወጣው። የተጣጠፈ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት። ሻጭ፣ ገዢ፣ አዋሳኝ በምሥራቅ፣ አዋሳኝ በምዕራብ፣ ሦስት እማኞች። «ይገባኛል ባይ ቢመጣ እኔ ሻጩ መልስ እሰጣለሁ» ይላል። ውሉን ያፈረሰ ለመንግሥት ይህን ያህል፣ ለውል አክባሪ ይህን ያህል ይከፍላል ይላል። መጨረሻው ላይ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና መሆኑ በጉልህ ተጽፏል። ይህን ቀመር ያላየ ጎጃሜ ያለ አይመስለኝም፤ በሬ ሲሸጥም፣ ወፍጮ ሲከራይም ይኸው ነው። 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው የሚል ነው። 2005 ደግሞ የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። ሁለቱም ያሉ፣ የሚሠሩ ቁጥሮች ናቸው። ቤት ሲሸጥ የሚቀድመው ግን 1723 ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆን ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት የሚለው። 2878 ደግሞ ሽያጩ ንብረቱ ባለበት ቦታ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ሦስተኛ ወገንን አያስገድድም ይላል። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በሕጉ ውስጥ ተቀምጠዋል። ውል ጸሐፊዎቻችን ስምንት ቁጥር ወደ ኋላ ቢቆጥሩ ኖሮ ስንት ክርክር ይቀር ነበር!

አለማወቅ ብቻ ነው እንዳልል፣ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኗል። ስለዚህ ማንም ሰው ቦታ አይሸጥም። የሚሸጠው ቤት ነው። ያንን የጭቃ ቤት አፍርሰህ እንጨቱንና ቆርቆሮውን ገበያ ብታወጣው የተጠየቀውን ገንዘብ እሩቡን አያመጣም፤ የቀረው የቦታው ዋጋ መሆኑን ሻጭም፣ ገዢም፣ ደላላም፣ ሹሙም ያውቃል። በውሉ ላይ ግን አይጻፍም። ገንዘቡ የተከፈለበት ነገር ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ክርክር ሲነሣ ገዢው ምኑን ይዞ ይቆማል?

ከተማው ዳር ሲደርስማ ነገሩ ይብሳል። የገበሬ ይዞታ ደብተር ያለው መሬት በሕግ ይወረሳል፣ በስጦታ ይሰጣል፣ ይከራያል እንጂ አይሸጥም። ስለዚህ ሽያጩ «ስጦታ» ይባላል፣ ወይም «ብድር» ይባልና መሬቱ በወለድ አገድ ይያዛል። ሌሊት ግድግዳ ይቆማል፣ ጠዋት ቆርቆሮ ይመታል። የጨረቃ ቤት ገዝቶ ያፈረሱበትን ሰው ማጽናናት ከባድ ነው፤ የሸጠለትን ሰው እንኳ በሽያጭ መክሰስ አይችልም፤ ወረቀቱ ስጦታ ነው የሚለው።

ሰዉ ከመዝገብ ይልቅ እማኝ ማመኑ ግን ከሰማይ አልወረደም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም ከሸፈተባቸው ምክንያቶች አንዱ ለግብሩ የሚደረገው የመሬት ልኬት ርስት ያስነጥቃል የሚል ሥጋት ነበር። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ደግሞ በደርግ ጊዜ ሹም ነበር ተብሎ «ቢሮክራት» የተባለው ገበሬ መሬቱ ሲሸነሸን አይቷል። ገመድ ይዞ የሚመጣ ሹም አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል ብሎ ያደገ ሰው፣ ጎረቤቱን እማኝ አድርጎ መፈረሙ ይገባኛል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ባለው ጦርነት ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ፣ ቢሮው ሲዘጋ፣ የእጅ ወረቀቱ ብቻውን ቀረ።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ለቤት ማበደር ዋና ሥራው የነበረው ቤትና ቁጠባ ባንክ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ እሱም በ2008 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ውስጥ ገባ። ካርታ የሌለውን የጭቃ ቤት በመያዣነት የሚቀበል ባንክ ደግሞ አላየሁም። እዚህ የመጀመሪያ ቤት የሚገዛው በዕቁብ፣ በበሬ ሽያጭ፣ ዓረብ አገር ባለች እኅት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ በሚመጣ ብረት የሚሠራው ቆርቆሮና ሚስማር ስለተወደደ፣ ከመሥራት የተሠራ መግዛት ይሻላል የሚለው በዝቷል። የደላላውም እግር እንዲሁ።

ከማዘጋጃ ቤቶቻችን የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። የገበያ ዕለት አንድ ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ለመጣ ገዢ ሁሉ «ይህ ቦታ በማን ስም ነው? ዕዳ ወይም እግድ አለበት?» የሚለውን ከፋይሉ አይቶ ይንገረው። ገዢውም ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ሻጩን ይዞ ወደዚያ ይሂድ፤ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኙን ይጠይቅ፤ የሻጭን ሚስት ፊርማ ሳያይ ብር አይቁጠር። ሙሉ ክፍያ ውሉ የሚመዘገብበት ጠረጴዛ ላይ እንጂ ጠጅ ቤት አይከፈልም።

እኛም ቀብዱን አስቀርተን ፋይሉን አስወጣን። ቦታው በሻጩ ስም ሳይሆን በሟች አባቱ ስም ነበር። ወራሾቹ አራት ናቸው፤ አንዱ ሻጩ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ጂዳ። ሻጩ ሊያታልለን አልነበረም፤ ተወልዶ ያደገበት ቤት ስለሆነ የእሱ ብቻ መስሎት ነው። ሁለቱ ወንድሞች ተስማምተው ፈርመዋል። ከጂዳ የሚላከው ውክልና ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልደረሰም፤ የአክስቴ ልጅም ኪራይ እየከፈለ ነው።