«ከመጽሐፍ አምጡ» ብቻውን አይበቃም

«ከኢንተርኔት አትቅዱ፣ ከመጽሐፍ አምጡ» የምትሉ መምህራን፣ እስኪ ይህን መጽሐፍ ተመልከቱት። የሰባታሚት ልጅ እንኳ አሳይመንቱ ላይ «የዓባይን ምንጭ ያገኘው ጀምስ ብሩስ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ማርኩንም ያገኛል። ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ቦታውን አይቶ ጽፏል። ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ የፓኤዝን ምስክርነት አጣጣለ፤ ካላጣጣለ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ማለት አይችልማ! (ከሁለቱም በፊት እዚያው የኖረው የሰከላ ገበሬማ ከነጭራሹ አልተቆጠረም።) ታዲያ ተማሪውን «ጸሐፊው ማን ነው? ብናምነው ምን ይጠቀማል? ሌላስ ማን አየ?» ብላችሁ ጠይቁት። ማርኩን ለዚህ መልስ ስጡ፤ ለሽፋኑና ለገጹ ብዛት መስጠት ይቅር።