ቁራሹ መሬት ለዕድሩ ይሰጥ

በአዲስ አበባ በየመንገዱ ማእዘንና በየወንዙ ዳር፣ ጠያቂ የሌላቸው ቁርጥራጭ መሬቶች ሞልተዋል። ዕጣቸው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቆሻሻ ይደፋባቸዋል፣ ወይ ሣር ለብሰው «አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ ይቆምባቸዋል። እኛ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ እንላለን፤ መሬቱን ለሠፈሩ ሰው ሰጥቶ፣ የአገሩን ዕፅዋት መልሶ፣ እንደ ልቡ እንዲያድግ መተው።

ይህን ስንል «ተማሪዎቹ ዱር ናፈቃቸው» የሚለን አይጠፋም። ይበለን! ነገር ግን ክረምቱን ሙሉ በሚታጨድ ሜዳ ላይ አደይ አበባ አይቶ ያውቃልን? አደይ በዘር የምትተካ ናት፤ በክረምት በቅላ በመስከረም ታብባለች፤ ዘሯን ሳትጥል ከታጨደች ለከርሞ የለችም። ያው ሜዳ በበጋ ደግሞ፣ ውሃ በፈረቃ በሚደርሳቸው ሠፈሮች መካከል ሆኖ ውሃ ይጠጣል። ወይራና ጽድ፣ ብሳናና ግራዋ ሥር ከሰደዱ በኋላ ቧንቧ አይጠይቁም፤ የብሳናና የግራዋ አበባ ለንብም ቀለብ ነው። ምን ይተከል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ወደ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይግባና ይመልከት። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ተራራውን ከመሸፈኑ በፊት የነበሩት ጽድና ወይራ እስከ ዛሬ እዚያ ቆመዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የእናቶች ነው። ቁጥቋጦ ሲበዛ ሌባ ይሸሸግበታል፣ ጅብ ያድርበታል፣ ልጃገረድ ሲመሽ አታልፍበትም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ይህን ፍርሃት በሳይንስ ስም የሚንቅ ተማሪ ካለ ከእኛ ወገን አይደለም። ስለዚህ በእግር መንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ዝቅ ተደርጎ ይታጨድ፤ ረጅሙ ተክል ወደ መካከል ይግባ፤ ከወዲያ ማዶ የሚመጣው ሰው ከወዲህ ይታይ። የቀረውም ሣር በኅዳር ዘሩ ከረገፈ በኋላ ታጭዶ በግ ላለው ይሰጥ።

ትልቁ ጥያቄ የወረቀት ነው። በለንደን ከታወር ድልድይ አጠገብ የጭነት መኪና ማቆሚያ የነበረ መሬት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 የዊልያም ከርቲስ የተፈጥሮ መናፈሻ ሆነ። ኩሬ ተቆፈረ፣ የአገሩ ዛፍና አበባ ተተከለ፣ የትምህርት ቤት ልጆችም ይማሩበት ጀመር። መሬቱ የውሰት ስለ ነበረ ግን በ1985 ለባለንብረቱ ተመለሰና መናፈሻው ጠፋ። በዚያው ዓመት በኪንግስ ክሮስ፣ ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማራገፊያ የነበረው የካምሌይ ስትሪት መናፈሻ ተከፈተ። እርሱንም የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ ሰዎች ታገሉ፤ መሬቱም በከተማው ምክር ቤት እጅ ለዚሁ አገልግሎት ተያዘ። ዛሬም አለ።

የእኛ ሠፈሮች ደግሞ ለንደን የሌላት ነገር አላቸው፤ ዕድር። ድንኳንና ድስት በጋራ ይዞ፣ መዋጮ በየወሩ ሰብስቦ፣ ከቀብር የቀረውን ቀጥቶ ትውልድ የተሻገረ ማኅበር አንድ ጥግ መሬት መጠበቅ እንዴት ያቅተዋል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሏል። ሕዝብ ከተባለው ወገን እንግዲህ ከዕድር የቀረበ ማን አለ? ዕድሩ በጽሑፍ፣ ለረጅም ዘመን የመያዝ መብት ይሰጠው። ተክሎ፣ ኮትኩቶ፣ በሦስተኛው ዓመት መኪና መጥቶ የሚገፋበት ከሆነ ዳግመኛ ችግኝ የሚይዝ ማን ነው? (በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ተክሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መሄዱንማ ሁላችንም እናውቅበታለን።)

ስለዚህ ከግቢያችን አጥር ውጭ በወንዙ ዳር ስላለችው ቁራሽ መሬት፣ የማኅበራችን ምክር ቤት ከአካባቢው የዕድር ዳኞች ጋር ተቀምጦ እንዲነጋገር በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ እንጠይቃለን። የሕግ ተማሪዎች የውሉን ረቂቅ ያዘጋጁ፤ የዕፅዋት ትምህርት የሚማሩት ጓደኞቻችን ችግኙን ይምረጡ። የዕድሩ ሰዎች «አይሆንም» ካሉ ደግሞ ምክንያታቸውን ሰምተን እንመለሳለን እንጂ ባለአካፋ ሆነን አንሄድባቸውም። እሺ ካሉ ግን ቆሻሻው በግንቦት ተጠርጎ ማለቅ አለበት፤ ችግኝ የሚተከለው ክረምቱ ሲገባ ነውና።